ለምርጫ ታዛቢነት ልመዝገብ ወይስ ልተወው? አንድ ሰው ጥግ ላይ ተቀምጦ ምን ይለውጣል?

መምህርት ከሐዋሳ
ሰላም ለሁላችሁ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። ለሚመጣው ምርጫ የአገር ውስጥ ታዛቢዎችን የሚያሠለጥን አንድ የሲቪል ማኅበር በከተማችን በጎ ፈቃደኞችን እየመዘገበ ነው። አብረውኝ ከሚያስተምሩት መካከል የተመዘገቡ አሉ፤ እኔ ግን እያመነታሁ ነው። የያዘኝ ፍርሃት አይደለም። ቀኑን ሙሉ ባጅ አንጠልጥዬ፣ በምርጫው ሥራ ጣልቃ ሳልገባ፣ የምሞላው ቅጽ የት ደርሶ ምን እንደሚፈይድ ማወቅ እፈልጋለሁ። ባለቤቴ «ለአበል ካልሆነ ለምን ትደክሚያለሽ?» ይለኛል። ለአበል አይደለም። ድምፄን ሰጥቼ ቤቴ ከገባሁ በኋላ በቆጠራው ላይ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ማደር ሰልችቶኛል። ከዚህ በፊት የታዘባችሁ ወይም በሌላ አገር ያያችሁ ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ።

ጥርጣሬ አለኝ
እህቴ፣ ቅንነትሽን አከብራለሁ። ነገር ግን ምርጫ የሚበላሸው ድምፅ በሚሰጥበት ቀን ብቻ አይደለም። ዕጩ እንዳይመዘገብ ሲደረግ፣ የፓርቲ ጽሕፈት ቤት ሲዘጋ፣ ጋዜጠኛ ሲታሰር ነገሩ ቀድሞ ያልቃል። በ2002ም በ2007ም ምርጫ «የሕዝብ ታዛቢ» የሚባሉ ሰዎች በየጣቢያው ነበሩ። በ2007 ገዥው ግንባርና አጋሮቹ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን 547 መቀመጫዎች ጠቅልለው ወሰዱ። ያ ሁሉ ታዛቢ ምን ጻፈ? የጻፈውንስ ማን አነበበው? ቀንሽን ለልጆችሽ ብታውይው ይሻላል።

የሰኔ 14 ታዛቢ
ወንድሜ፣ ስለ ቅድመ ምርጫው ያልከው ልክ ነው፤ እመለስበታለሁ። ነገር ግን የሕዝብ ታዛቢውን ከሲቪል ማኅበረሰብ ታዛቢ ጋር ማደባለቅህ ትክክል አይደለም። የሕዝብ ታዛቢው በነዋሪዎች ስብሰባ ተመርጦ በዚያው ጣቢያ የሚቀመጥ ሰው ነበር። ከኋላው ያሠለጠነው ድርጅት፣ የራሱ ቅጽ፣ ሪፖርቱን በዕለቱ የሚቀበል ማዕከል አልነበረውም። ስብሰባውን ማን ይጠራው እንደነበር ደግሞ ሁላችንም የቀበሌ ልጆች ነን፤ እናውቀዋለን። ራሱን ችሎ ሊታዘብ የሚችለው ማኅበር በዚያን ጊዜ በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ተቀፍድዶ ነበር። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ ያገኘ ድርጅት በመብትና በዴሞክራሲ ጉዳይ እንዳይሠራ ተከልክሎ ነበርና። ይህ ሕግ የተሻረው በ2011 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ነው። ስለዚህ በ2002 እና በ2007 የዜጎች ታዛቢ ተሞክሮ ከሸፈ ማለት አይቻልም፤ በደንቡ አልተሞከረምና።

መምህርት፣ እኔ ሰኔ 14 ቀን 2013 በአንድ ጣቢያ ቋሚ ታዛቢ ነበርኩ። የሆነውን ልንገርሽ፤ አንቺው ትፈርጃለሽ።

ጣቢያው ከመከፈቱ በፊት ደረስኩ። ባዶው ኮሮጆ ለሁላችንም ታየ፣ ተዘጋ፣ ታሸገ፤ የማሸጊያዎቹን ቁጥር በቅጼ ላይ መዘገብኩ። ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ሰዓት አሰልቺ ነው፤ አልዋሽሽም። የመራጮች መዝገብ ላይ ስም ይፈለጋል፣ ጣት ቀለም ይነከራል፣ ወረቀት ይሰጣል። ቅጹ የሚጠይቀው ቀላል የሚመስል ጥያቄ ነው፦ ስሙ መዝገብ ላይ ሳይኖር የመረጠ ሰው አለ? ቀለም ሳይነካው የወጣ አለ? ከመራጭ ጋር ተከትሎ መጋረጃው ውስጥ የገባ አለ? በዚያ ቀን የድምፅ መስጫው ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተራዝሞ ስለነበር ቆጠራው የተጀመረው ሁሉም ሰው ከደከመ በኋላ ነው።

ዋናው ነገር የመጣው ያን ጊዜ ነው። ወረቀቱ አንድ በአንድ ተገልጦ ለፓርቲ ወኪሎች ይታያል፣ ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ በየዕጩው ይደረደራል። ሲያልቅ ጣቢያው የተረከበው ወረቀት፣ ኮሮጆ ውስጥ ከተገኘው፣ ከተበላሸውና ከተረፈው ድምር ጋር እኩል መምጣት አለበት። እኩል አልመጣም። አንድ ጎደለ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቤቱ መሄድ ይፈልጋል፤ ከወኪሎቹ አንዱ «አንድ ወረቀት ምን ያደርጋል፣ አስተካክሉና ጻፉት» አለ። የጣቢያው ኃላፊ ወደ ወኪሉ አየች፣ ወደ እኔና ወደ ቅጼ አየች፣ ከዚያ «እንደገና እንቆጥራለን» አለች። ሁለት ወረቀቶች በቀለም ተጣብቀው እንደ አንድ ተቆጥረው ነበር። ውጤቱ ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ በሩ ላይ ተለጠፈ። እኔም በሩ ላይ ያለውን ቁጥር በቅጼ ላይ ካለው ጋር አስተያይቼ ለማዕከሉ ላክሁ።

ሌባ አልያዝኩም። በጣቢያዬ ሌባም አልነበረም። ነገር ግን በሩ ላይ የተለጠፈው ቁጥር እውነተኛ መሆኑን የመሰከርኩት ከየትኛውም ፓርቲ ያልሆንኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ማንም ቢጠይቀኝ እመሰክራለሁ።

እናት ዓለም
በምርጫ አስፈጻሚነት የሠራሁ ሰው ነኝ። ከላይ የተጻፈውን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሰው ሁሉ ታዛቢን የሚያስበው አስፈጻሚን ለመያዝ የመጣ አድርጎ ነው። ለእኔ እንደዚያ አልነበረም። የፓርቲ ወኪል አጠገቤ ቆሞ «ይህቺ እናት ማየት ስለማትችል እኔ ልርዳት» ሲለኝ፣ ደንቡን እያወቅሁም እምቢ ለማለት ጉልበት ያስፈልገኛል። ሰውዬው የሰፈሬ ሰው ነው፤ ነገም አብረን እንኖራለን። ገለልተኛ ታዛቢ ጥግ ላይ ተቀምጣ እየጻፈች ከሆነ ግን «ይቅርታ፣ እንደምታየው እየተመዘገበ ነው፤ የምትመርጠውን ሰው ራሷ ትጥራ» ማለት እችላለሁ። ደንቡን የሚያከብር አስፈጻሚ ከታዛቢ የሚያገኘው ድጋፍ ይህ ነው፤ በጣም ትልቅ ነው።

ታዛቢ የሌለበትም ጣቢያ ሠርቻለሁ። ሰው ከአሥራ ስምንት ሰዓት በላይ ከሠራ በኋላ ቁጥሩ አልገጥም ሲለው የሚፈተነው በክፋት አይደለም፤ በእንቅልፍ ነው። እህቴ መምህርት፣ ተመዝገቢ።

መምህርት ከሐዋሳ
እትዬ እናት ዓለም፣ አመሰግናለሁ። ከአስፈጻሚ ወገን እንዲህ ያለ ነገር እሰማለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ጥያቄዬ ግን አልተመለሰም። አገሪቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጣቢያዎች አሏት። ማኅበራቱ ታዛቢ የሚያደርሱት ለጥቂቶቹ ብቻ ነው። ታዛቢ ባልደረሰበት ቦታ የሆነውን እንዴት እናውቃለን?

ናሙና
ሥራዬ ስታቲስቲክስ ስለሆነ ይህን ለእኔ ተዉት።

እህል በረንዳ ጤፍ የሚገዛ ነጋዴ ጆንያውን ሁሉ አያራግፍም። ሹል የሆነች ውስጧ ክፍት ብረት ወደ ጆንያው ሰክቶ ከመሐሉም ከሥሩም ትንሽ ትንሽ ያወጣል። ከአፉ ብቻ አይወስድም፤ ሻጩ ጥሩውን ጤፍ ከላይ አድርጎት ሊሆን ይችላልና። የምርጫ ታዛቢዎች ናሙናም እንደዚያ ነው። ታዛቢ የሚመደበው መኪና በሚገባበት ወይም ማኅበሩ ሰው ባለው ቦታ ብቻ ከሆነ የጆንያውን አፍ ማየት ነው። ከአገሪቱ የጣቢያዎች ዝርዝር በዕጣ ከተመረጡ ግን ሩቅ ያለውም ቅርብ ያለውም እኩል የመመረጥ ዕድል አለው። ከአንድ ሺህ እስከ አንድ ሺህ አምስት መቶ በዕጣ የተመረጡ ጣቢያዎች ስለ አገሪቱ ሁኔታ የሚነግሩን ነገር ከሦስት በመቶ አካባቢ በማይበልጥ የስሕተት ክልል ውስጥ ይወድቃል። ዕጣ የወጣላቸው ጣቢያዎች ዝርዝርም በምስጢር ይያዛል። የትኛው ጣቢያ እንደሚታይ የማያውቅ አጭበርባሪ ሁሉንም መፍራት አለበት።

በዚህ መንገድ የታወቀ ነገር ጥቂት አይደለም። በጋና እ.ኤ.አ. በ2008 የተደረገውን የፕሬዚዳንት ምርጫ ሁለተኛ ዙር አታ ሚልስ 50.23 በመቶ አግኝተው አሸነፉ፤ ልዩነቱ አርባ ሺህ ያህል ድምፅ ብቻ ነበር። በእንዲህ ያለ ጠባብ ውጤት አገር ሊታመስ ይችላል። የጋና የአገር ውስጥ ታዛቢዎች ጥምረት (ኮዴኦ) ግን ከአንድ ሺህ ጥቂት ከሚበልጡ ጣቢያዎች በሰበሰበው ናሙና የራሱን ስሌት ይዞ ነበር፤ ይፋዊው ውጤት ከስሌቱ ጋር ገጠመ። አገሪቱም ሥልጣን በሰላም አስተላለፈች።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም፤ ብዙ ሰው ስለማያነሣው። እንደ ጋና ፕሬዚዳንት በቀጥታ በሚመረጥበት አገር አንድ አገር አቀፍ ናሙና ውጤቱን ይፈትሻል። የእኛ ሥርዓት ሌላ ነው። በየምርጫ ክልሉ አብላጫ ያገኘ ያሸንፋል፤ 547 የተለያዩ ውድድሮች ማለት ነው። አገር አቀፍ ናሙና ማን ስንት መቀመጫ እንዳገኘ ሊነግረን አይችልም። ሊነግረን የሚችለው ሒደቱን ነው፦ ከመቶ ጣቢያ በስንቱ ወኪሎች ከክፍል እንዲወጡ ተደረገ፣ በስንቱ ውጤት በር ላይ ተለጠፈ። «ታዛቢዎች ውጤቱን አረጋገጡ» የሚል ዜና በእኛ አገር ብታነቡ መጀመሪያ ምን ለክተው እንደሆነ ጠይቁ።

ጥርጣሬ አለኝ
ናሙና፣ ስላስረዳኸኝ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን የእኔን ጥያቄ አጠናከርክልኝ እንጂ አልመለስክልኝም። ውጤቱን መፈተሽ ካልቻለ መምህርት የምትልከው ቁጥር ለምን ይጠቅማል?

ከናይሮቢ
ኬንያ ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ የኖርኩ ኢትዮጵያዊ ነኝ። ለጥርጣሬ ጥያቄ መልሱ ያለው እዚህ ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 ኡሁሩ ኬንያታ 54 በመቶ ገደማ አግኝተው አሸነፉ ተባለ። የኬንያ የዜጎች ታዛቢ ቡድን (ኢሎግ) በናሙና ያገኘውም ከዚያው ጋር የሚቀራረብ ነበር። ይሁንና ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ምርጫውን ሰረዘው። የምርጫ ኮሚሽኑ ውጤቱን ከጣቢያ ወደ ማዕከል ያስተላለፈበት መንገድ ሕጉን የተከተለ አልነበረም፤ ፍርድ ቤቱ የኮምፒውተር ቋቱ ይከፈት ብሎ ሲያዝም በሚገባ አልከፈተም። እዚህ ያለው ሰው ከዚያ የተማረው ነገር ቁጥሩ መግጠሙ ብቻ እንደማይበቃ ነው፤ እያንዳንዱ ቁጥር ከየት እንደመጣ በወረቀት መታየት አለበት።

በ2022 ነገሩ ተለወጠ። ከ46,229 ጣቢያዎች የተሞላው የውጤት ቅጽ (እዚህ 34ኤ ይሉታል) ፎቶግራፉ በኮሚሽኑ ድረ ገጽ ለሁሉም ክፍት ሆነ። እኔ የማውቃቸው የዩኒቨርሲቲ ልጆች ቅጾቹን እያወረዱ በየቤታቸው ይደምሩ ነበር። ታዛቢ የነበረ ሰው በራሱ ጣቢያ የጻፈውን ከድረ ገጹ ምስል ጋር ያስተያያል፤ አይገጥምም ካለ ምስሉን ይዞ ይጮኻል። ሩቶ 50.49 በመቶ ሲባሉ ከሰባቱ ኮሚሽነሮች አራቱ ውጤቱን አንቀበልም አሉ። እንዲያ ባለ ሰዓት አገር ምን ላይ እንደሚደርስ እ.ኤ.አ. ከ2007ቱ የኬንያ ምርጫ በኋላ በደረሰው እልቂት እናውቃለን። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን ክርክሩ በወረቀቱ ላይ ሆነ። በፍርድ ቤት ትእዛዝ በተደረገው ምርመራ ድረ ገጹ ላይ ያሉት ቅጾች ከዋናዎቹ ጋር አንድ ሆነው ተገኙ፤ ዳኞቹም ውጤቱን በአንድ ድምፅ አጸኑት።

ልብ በሉ፤ በዚያ ምርጫ የኢሎግ ናሙና ብቻውን አይበቃም ነበር። አሸናፊው ከግማሽ በላይ ማግኘት ነበረበት፤ ከ50 በመቶ በላይ የነበረው ትርፍ ደግሞ ከናሙናው የስሕተት ክልል ያነሰ ነበር። ናሙናው ይፋዊው ውጤት የሚታመን መሆኑን አሳየ፤ ያቺን ትንሽ ትርፍ ሊያረጋግጥ የሚችለው የጣቢያዎቹ ቅጽ በሙሉ ነው።

የሰኔ 14 ታዛቢ
ከናይሮቢ፣ በትክክል ይህንን ነው ልል የፈለግሁት። ጥርጣሬ፣ መምህርት የምትልከው ቁጥር የሚጠቅመው የየጣቢያው ቅጽ ለሕዝብ ሲወጣ ነው። በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት ዝናብ ይመታዋል፣ ልጆች ይቀድዱታል። ምስሉ ድረ ገጽ ላይ ከወጣ ግን ማንም ዜጋ በየምርጫ ክልሉ ይደምረዋል። «ናሙና» ያነሣው የ547 ውድድሮች ችግርም የሚፈታው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ በጎ ፈቃደኞች ሁሉ ከምርጫ ቦርድ አንድ ነገር ቢጠይቁ ይህን ነው የምለው፦ የየጣቢያው የውጤት ቅጽ ፎቶግራፍ ለሁሉም ሰው ክፍት ይሁን።

አባ መዝገብ
ልጆች፣ ዕድሜዬ ከሁላችሁም ሳይበልጥ አይቀርም፤ አንድ ታሪክ ላስታውሳችሁ።

በ1997 ምርጫ የአገር ውስጥ ማኅበራት ለመታዘብ ቢጠይቁ ቦርዱ «ስትመዘገቡ ዓላማችሁ ውስጥ ምርጫ መታዘብ አልተጻፈም» የሚል ምክንያት አምጥቶ ከለከላቸው። ማኅበራቱ ፍርድ ቤት ሄዱ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፈረደላቸው፤ ቦርዱ ይግባኝ ቢልም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አጸናላቸው። ነገር ግን ግንቦት 7 ደርሶ ነበር። ጥቂት ቀናት ሲቀሩ የተፈቀደለት ማኅበር ሰው አሠልጥኖ የት ያደርሳል? የአውሮፓ ኅብረት ቡድን በአና ጎሜሽ መሪነት፣ የካርተር ማዕከልም በፕሬዚዳንት ካርተር መሪነት በስፋት ሲንቀሳቀሱ፣ የአገሩ ልጅ ግን ባጅ ለማግኘት ይሯሯጥ ነበር። ከምርጫው በኋላ የሆነውን መናገር አያስፈልገኝም። ማኅበራቱን ለታዛቢነት ካስተባበሩት መካከል የነበሩት ዳንኤል በቀለና ነፃነት ደምሴ በ1998 ታስረው እስከ 2000 እስር ቤት ቆዩ። ዳንኤል ኋላ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ዋና ኮሚሽነር ሆኑ።

ይህን የማነሣው ላስፈራራችሁ አይደለም። ባጁ በቀላሉ የተገኘ አይደለም፤ ሰዎች ፍርድ ቤት የቆሙበትና የታሰሩበት መብት ነው። በ2013 ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ቡድኑን እንደማይልክ ምርጫው ሳምንታት ሲቀሩት አስታወቀ። የአፍሪካ ኅብረት ቡድን በኦባሳንጆ መሪነት መጣ። ከመቶ በላይ ድርጅቶች የተሰባሰቡበት ኅብረት ለምርጫም በሺዎች የሚቆጠሩ የአገር ልጆችን አሰማራ። የውጭ ሰው ሲፈልግ ይመጣል፣ ሳይፈልግ ይቀራል። የአገሬው ሰው እዚያው ነው።

ጥርጣሬ አለኝ
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ይህን ታሪክ በዚህ ዝርዝር አላውቀውም ነበር። ስጋቴ ግን አልለቀቀኝም። ዚምባብዌን እዩ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ድምፅ በሚሰጥበት ዕለት ማታ ፖሊስ የታዛቢዎቹን የመረጃ ማዕከላት ወርሮ አርባ ያህል ሰው አሰረ፤ ውጤት በሕገ ወጥ መንገድ ልታውጁ ነበር በሚል። በሩሲያም ጎሎስ የተባለውን የታዛቢዎች ንቅናቄ ከሚመሩት አንዱ የሆኑት ግሪጎሪ መልኮንያንትስ በ2025 የአምስት ዓመት እስራት ተፈርዶባቸዋል። መንግሥት ካልፈለገ ታዛቢን ማስቆም ይችላል። ከዚያስ?

የሰኔ 14 ታዛቢ
ይችላል። ነገር ግን የዚያችኑ የዚምባብዌን 2008 አንሣ። ሕጉ ተሻሽሎ ውጤት በየጣቢያው በር ላይ ይለጠፍ ስለተባለ ሰዎች በስልካቸው እያነሡ ላኩት። የዚምባብዌ የምርጫ ድጋፍ መረብ በናሙና አስልቶ የተቃዋሚው ዕጩ ፅቫንጊራይ 49.4 በመቶ ገደማ አላቸው አለ። ይፋዊው የፕሬዚዳንት ምርጫ ውጤት ከአንድ ወር በላይ ዘግይቶ ወጣ፤ ያም ቢሆን ሙጋቤ በመጀመሪያው ዙር አሸነፉ ለማለት አልተደፈረም። 47.9 ለፅቫንጊራይ፣ 43.2 ለሙጋቤ ሆነ። ከዚያ በኋላ የመጣው ግፍ አሰቃቂ ነበር፤ ታዛቢ ግፍን አላስቆመም፤ ማስቆምም አይችልም። የመጀመሪያው ዙር ቁጥር ግን የታወቀ ሆኖ ቀረ። በ2023 ሰዎቹን ማሰር ያስፈለገው ቁጥራቸው ስለሚፈራ ነው።

በፊሊፒንስም እ.ኤ.አ. በ1986 ናምፍሬል የተባለው የዜጎች የታዛቢ ንቅናቄ ግማሽ ሚሊዮን ያህል በጎ ፈቃደኞች አሰልፎ የራሱን ቆጠራ ሲያደርግ፣ የምርጫ ኮሚሽኑ የኮምፒውተር ሠራተኞች የሚታወጀው ቁጥር እኛ ካስገባነው ጋር አይገጥምም ብለው ሥራ ጥለው ወጡ። ፕሬዚዳንት ማርኮስ በዚያው ወር አገር ለቀው ሸሹ። ማርኮስን የጣላቸው ታዛቢ ብቻ አይደለም፤ ጦሩም ሕዝቡም ነው። ነገር ግን ሕዝቡ አደባባይ ሲወጣ በእጁ ከመንግሥት ቁጥር ሌላ ቁጥር ነበረው።

ስለ ቅድመ ምርጫው ቃል ገብቼልህ ነበር። የታዛቢ ሥራ የአንድ ቀን አይደለም። ከወራት በፊት የሚሰማሩ የረጅም ጊዜ ታዛቢዎች አሉ። የዕጩዎች ምዝገባን፣ ቅስቀሳን፣ የጽሕፈት ቤት መዘጋትን የሚመዘግቡት እነሱ ናቸው። የመራጮችን መዝገብ በሁለት አቅጣጫ መፈተሽም አለ። ከመዝገቡ ስም በዕጣ እየወሰዱ ሰውየው በእውነት በአድራሻው ይኖራል ወይ ብሎ መሄድ አንዱ ነው፤ መንደር ገብቶ ነዋሪን እየጠየቁ ስሙ መዝገቡ ላይ አለ ወይ ብሎ ማየት ሁለተኛው። በመጀመሪያው የሞተና የሌለ ሰው ይገኛል፤ በሁለተኛው የተዘለለ ሰው። አንተ የምትለውን ጥፋት በማስረጃ ማሳየት የሚቻለው እንዲህ ነው። በጦርነትና በጸጥታ ችግር ምርጫ ያልተደረገባቸው ቦታዎች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው፤ እዚያ ታዛቢም የሚያየው ነገር የለም። በ2013 ትግራይ ውስጥ ድምፅ አልተሰጠም። ይህን ሳይጽፍ «ምርጫው መልካም ነበር» የሚል ሪፖርት ማንም ቢያወጣ አልቀበለውም።

የዋሽንግተን ነዋሪ
እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ የምርጫ መረጃ በአማርኛም ይገኛል፤ ወላጆቻችን ያለ አስተርጓሚ ያነቡታል። ውጭ ያለን ሰዎች ለአገራችን ታዛቢዎች ምን ማድረግ እንችላለን? ገንዘብ ልንልክ?

ናሙና
ገንዘብ ለታዛቢ ማኅበር ስሱ ጉዳይ ነው፤ ከየት መጣ የሚል ጥያቄ ሥራውን ሊያበላሽ ይችላልና ማኅበሩ ራሱ በግልጽ ካልጠየቀ ባይላክ እመርጣለሁ። የእናንተ ጉልበት ሌላ ቦታ ይጠቅማል። በኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. በ2014 ሁለቱም ዕጩዎች አሸነፍን ሲሉ፣ በሲንጋፖር ይሠራ የነበረ አይኑን ናጂብ የተባለ ባለሙያ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ካዋል ፔሚሉ የተባለ ድረ ገጽ ከፈተ። የምርጫ ኮሚሽኑ ከ470 ሺህ በላይ የሚሆኑ ጣቢያዎችን ቅጽ ፎቶግራፍ ለሕዝብ ለቅቆት ነበር። ሰባት መቶ ገደማ በጎ ፈቃደኞች ካሉበት አገር ሆነው ቁጥሩን ከምስሉ እየገለበጡ አስገቡ። ውጭ የሚኖር ሰው ሊያግዝ የሚችለው በዚህ ነው። የሚቻለው ግን ቅጾቹ ሲለቀቁ ነው። የሰኔ 14 ታዛቢ ያለውን ጥያቄ እናንተም አብራችሁ ጠይቁ።

መምህርት ከሐዋሳ
ሁሉንም አንብቤ ለባለቤቴም አነበብኩለት። ስለ አበል ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። የምሳና የመጓጓዣ ገንዘብ እንደሚሰጥ ተነግሮናል። ይህን መቀበል በጎ ፈቃደኛ ከመባል ያወጣኛል? ሁለተኛ፣ ታናሽ ወንድሜ የአንድ ፓርቲ አባል ነው። ሦስተኛ፣ በር ላይ የተለጠፈውን ውጤት በስልኬ ማንሣት እችላለሁ?

እናት ዓለም
አበሉን ያለ ሐሳብ ተቀበዪ። በባዶ ሆድ እስከ እኩለ ሌሊት የምትቀመጥ ታዛቢ ራሷ ትሳሳታለች። የማይገባው ከዕጩ ወይም ከወኪል ሻይ እንኳን መቀበል ነው፤ ጣቢያው ውስጥ «ነይ ብዪ» የሚል አይጠፋም፤ በትሕትና እምቢ በዪ።

የሰኔ 14 ታዛቢ
ስለ ወንድምሽ ለማኅበሩ ዛሬውኑ ንገሪ። ሕጉ የሚጠይቀው አንቺ ገለልተኛ እንድትሆኚ ነው፤ ዘመድሽ አባል በመሆኑ አትከለከዪም። ነገር ግን አንቺ ሳትናገሪ ሌላ ሰው ካወራው ሪፖርትሽ ዋጋ ያጣል። የሚቻል ከሆነ እሱ ወኪል ከሚሆንበት ምርጫ ክልል ውጭ እንዲመድቡሽ ጠይቂ። በማኅበራዊ ገጽሽ ላይ ስለ ፓርቲዎች የጻፍሽው ካለም እንዲያውቁት አድርጊ።

ስለ ፎቶግራፉ፦ ቆጠራ በሚካሄድበት ክፍል ውስጥ ምን እንደሚፈቀድ በሥልጠናው ላይ ጠይቂና የተባልሽውን አክብሪ። በሩ ላይ የተለጠፈው ግን ሕዝብ እንዲያየው የተለጠፈ ነው። ስታነሺው ፊርማዎቹና የጣቢያው መለያ ቁጥር በግልጽ መውጣታቸውን እዪ፤ መለያ ቁጥሩ የሌለበት ፎቶግራፍ የየት ጣቢያ እንደሆነ ማንም አያውቅም። ምስሉን በማኅበራዊ ገጽሽ ላይ አትልቀቂው፤ ለማዕከሉ ብቻ ላኪው። ይፋዊ ውጤት የሚያውጀው ቦርዱ ነው፤ አንቺ ያየሽውን ነው የምትመሰክሪው።

ጥርጣሬ አለኝ
የተስማማሁ እንዳይመስላችሁ፤ ቅድመ ምርጫው ካልተስተካከለ ቆጠራው ብቻውን አያድነንም ባይ ነኝ። ነገር ግን የሰኔ 14 ታዛቢ፣ የመራጮች መዝገብን በሁለት አቅጣጫ የሚፈትሹት ማኅበራት ሰው ይፈልጋሉ? ለዚያኛው እኔም ጊዜ አለኝ።

የሰኔ 14 ታዛቢ
ይፈልጋሉ። ምዝገባው ካለቀ በኋላ ስለሚሠራ አሁን ነው ስም ማስገባት። በግል መልእክት የምትኖርበትን ከተማ ጻፍልኝ፤ እዚያ የሚሠራውን ማኅበር እጠቁምሃለሁ።